ስኒ ሙሉ ቁልፍ

«ይሄ ደግሞ የማን ፀጉር ነው?» አለች የጠጋኟ አክስት በስፌት መኪናው ላይ እየጎነበሰች። በግራ እጇ የአቧራ ጨርቅ፣ በቀኝ እጇ የሟቿን ትልቁን መቀስ ይዛለች። «ጉድ እኮ ነው እናንተ! ከክር ማጠንጠኛው ተነስቶ እስከ ወለሉ የወረደ ፀጉር! እታለም እንዲህ ዝርክርክ አልነበረችም።»

መቀሱ አፉን ከፈተ።

«እንዳትነኪው!»

ስኒ ያነሱ እጆች አየር ላይ ቀሩ። በግድግዳው ዙሪያ በተደረደሩት ወንበሮች ላይ የተቀመጡት ለቀስተኞች ሁሉ ዞረው ያዩዋት ጀመር። እናቷ ከተቀበረች ወዲህ ከሹክሹክታ በላይ ተናግራ የማታውቀው ጠጋኟ በሩ አጠገብ ቆማ ጮኻለች። በጩኸቷ ከሁሉም በላይ የደነገጠችው ራሷ ነበረች።

ጠጋኟ የሚላት ሰፈሩ ነው። ሬዲዮ ሆነ የድምፅ ማጉያ፣ ሽቦ ያለበት ነገር ከተበላሸ እሷ ዘንድ ይመጣል። እናቷን ደግሞ «እትዬ ቀጥ» ይሏት ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ ልብስ ስትሰፋ የኖረች ሴት ናት፤ ደንበኛ ለመለካት ሜትሯን ባነሳች ቁጥር «ቀጥ በል!»፣ «ቀጥ በይ!» ማለት ልማዷ ነበር። ሐኪሙ ልቧን ሊያዳምጥ ሲያጎነብስ እንኳ «ቀጥ በል ልጄ፣ ወገብህ በልጅነቱ ይጎብጣል» ብላዋለች።

ዝምታውን የሰበረው ጡረተኛው ሹፌር ነው።

«እውነቷን ነው!» አለ ጉልበቱን መታ አድርጎ። «በዚያ መቀስ ከጨርቅ ሌላ የቆረጠ ወዮለት! እኔ አንዴ ጋዜጣ ልቀድበት ብዬ ባነሳው በእንጨት ማስመሪያዋ ጀርባዬን አቅምሳኛለች። ለሳምንት መሪ ስጠመዝዝ እሷን አስታውስ ነበር።»

አንዳንዱ ሳቀ፣ አንዳንዱ አለቀሰ፣ የሚበዛው ሁለቱንም አደረገ። አክስቷ መቀሱን እንደ ጋለ ብረት ቀስ አድርጋ አስቀመጠችው። ጠጋኟ ዱካ ስባ ከመኪናው አጠገብ ተቀመጠች፤ ክንዷንም በጠረጴዛው ጠርዝ ላይ እንደ አጥር ዘረጋች።

«አየሽ» አለች አንዷ ለጎረቤቷ በጆሮዋ፣ «ከእናቷ መኪና መለየት አቃታት።»

«ምን ታድርግ፣ የእናት ነገር...»

ጠጋኟ ሰምታለች። አላረመቻቸውም። እንዴት ብላ ታርማቸው?

ፀጉር አልነበረም። ከፀጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ ነበር። አንዱ ጫፉ በማጠንጠኛው ላይ በተሰካች፣ የክብሪት ቀፎ በምታህል ጠፍጣፋ ነገር ላይ ተጠምጥሟል፤ ሌላው ወለሉ ላይ ወደተቀመጠው ጥቅል ይወርዳል። እንዳይላላ መሃሉን የመርፌ ትራሱ ተጭኖታል። ከሳሎኑ በስተጀርባ ደግሞ፣ ከመጋረጃው ወዲያ ባለው የሥራ ክፍል፣ ይህችን ጠፍጣፋ ነገር ብቻ የሚጠብቅ የኤሌክትሪክ ጊታር በጀርባው ተኝቷል። በሐዘን ቤት፣ በለቀስተኛ ፊት፣ «ተጠንቀቁልኝ፣ የጊታር ዕቃ ነው» ማለት ይቻላል? ያውም ለአክስቷ? አክስቷ ሰማች ማለት ሰፈሩ ሰማ ማለት ነው።

ጊታሩን መሥራት የጀመረችው ከጭንቀት ነው። ልጇ ከጓደኞቿ ጋር መዝፈን ጀምራ ነበር። በተውሶ ጊታር፣ በሰው ቤት፣ አንዳንዴ ከመሸ ትመጣለች። ጠጋኟ ደግሞ ልጇ ከደጅ ስትዘገይ ሻይ ጥዳ ሻዩን የምትረሳ፣ በመስኮት መቶ ጊዜ የምታይ እናት ናት። ልከልክል ብትል ልጅቷን ታጣለች፤ ልተው ብትል እንቅልፏን። አንድ ቀን እናቷ ሱሪ እየተኮሰች «ለምን አትሠሪላትም?» አለቻት።

«ምኑን?»

«ጊታሩን ነዋ። ጊታሩ እዚህ ከሆነ ጓደኞቿም እዚህ ናቸው። ሲንጫጩ እንሰማለን። የማይሰማ ልጅ ነው የሚያስፈራው።»

«እማዬ፣ እኔ እኮ ሬዲዮ ነው የምጠግነው።»

«እሱም ድምፅ፣ ይሄም ድምፅ። ምን ልዩነት አለው?»

እግሩ የተሰበረውን የጨርቅ መቁረጫ ጠረጴዛዋን ያወጣችውም እናቷ ናት። ወፍራምና ደረቅ እንጨት ነበር፤ ስንት ዘመን የመቀስ ጫፍ ፈትሾታል። ጠጋኟ የጊታሩን ገላ ከዚያ ላይ ቆርጣ፣ ሞርዳ፣ በብርጭቆ ወረቀት እስኪለሰልስ አሸችው። ብታሸውም አንዲት የኖራ መስመር ከእንጨቱ ልብ አልወጣ አለች። እናቷ አይታ «ተያት። የሙሽራ ቀሚስ ናት» አለች። የማን ሙሽራ እንደሆነ ግን አልተናገረችም።

የቸገረው ድምፅ የሚይዘው ክፍል ነው። የኤሌክትሪክ ጊታር እንደ ተራው ጊታር ባዶ ሆድ የለውም። በክሮቹ ስር የሚቀመጡ ማግኔቶች አሉ፤ በማግኔቶቹ ዙሪያ ያ ቀጭን ሽቦ በብዙ ሺህ ዙር ይጠመጠማል። ክሩ ሲንቀጠቀጥ የሚሰማው እሱ ነው፤ የሰማውን ለማጉያው ይነግረዋል። ጠጋኟ በመሰርሰሪያ ልታጠነጥነው ሞከረች፤ ተበጠሰ። ደገመች፤ ተበጠሰ። ለጆሮ የማይሆን ስድብ ስትሳደብ እናቷ መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ ቆማ ነበር።

«ክር እንዲህ አይያዝም» አለች። «ጣትሽ ጠላት ሆነበት። ክር የሚፈልገው መንገድ የሚያሳየው ሰው ነው።»

«ክር አይደለም፣ ሽቦ ነው።»

«ይሁንለት። ስሙን ቢቀይር ጠባዩ ያው ነው። አምጪው።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሽቦው የሚጠነጠነው በስፌት መኪናው ላይ ሆነ። እናቷ በእግሯ ትረግጣለች፣ ማጠንጠኛው ይሾራል፣ ሽቦው በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መሃል እንደ ውሃ ያልፋል። በመቁጠር በኩል ግን ከአስር በላይ መሄድ ይሰለቻት ነበር። ስለዚህ የራሷን ዘዴ አወጣች፦ አስር ጊዜ ስትረግጥ አንድ የሸሚዝ ቁልፍ በስኒ ውስጥ ትጥላለች። ቅጭል ይላል። ደግሞ አስር፤ ደግሞ ቅጭል። ስኒው እስከ አፉ ሲሞላ አንዱ ጥቅል አለቀ። ጠጋኟ በኤሌክትሪክ መለኪያዋ፣ በቴስተሩ፣ ለካችው፤ እንከን አልነበረውም። እናቷ ግን ቴስተሩን ዞራም አላየችው። «ስኒው ሞልቷል አይደል?» አለች።

ሁለተኛው ጥቅል ነው አሁን መኪናው ላይ ያለው። ያልሞላ ስኒም አጠገቡ አለ።

ለቀስተኛው አላባራ አለ። ጠጋኟ ካለችበት ዱካ ሳትነሳ ሁሉንም ታያለች፤ አንድ ነገር ደግሞ ታስተውላለች፦ የሚመጣው ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል የእናቷን ስፌት ለብሷል። የፖስተኛው ኮት ብብቱ ስር ሰፋ ያለ ነው፤ እናቷ ቦርሳ እንደሚያነግት አስባ የሠራችው ነው። የጎረቤቷ ቀሚስ ከወገቡ ሁለት ጊዜ ተለቋል፤ ለሁለት ልጅ። ሰዎቹ ስለ ሟቿ ሲያወሩ ሳያውቁት የገዛ ልብሳቸውን ይዳስሳሉ።

«እኔን ብትጠይቂኝ» አለ ሹፌሩ ለአክስቷ፣ «እትዬ ቀጥ ምስጢር ጠባቂ ነበረች። ይሄን ሱሪ አየሽው? ውስጡ ኪስ አለው። ሚስቴ እስከ ዛሬ አታውቅም።»

«አሁን አወቅኩ» አለች ሚስቱ ከጎኑ።

«ጉድ ፈላ! ከጎኔ መሆንሽን ረስቼው!»

«እኔ ነኝ ደግሞ ምስጢር የማላውቅ? ኪስ ሥሪለት ያልኳት እኔ ነኝ። ገንዘብህን ከፊት ኪስህ እየጣልክ አስቸግረህ።»

ሹፌሩ ኪሱን በእጁ ሸፈነ። ጠጋኟ ከሐዘኑ ወዲህ መጀመሪያ ያን ጊዜ ሳቀች፤ ሳቋን ግን መጨረስ አልቻለችም። ወፍራሟ ዳቦ ጋጋሪ ከበሩ እየተንሰቀሰቀች ቀጥታ ወደ እሷ መጣች፤ ልታቅፋት ስትጎነብስ ያንን የሚያህል ክብደቷን በእጇ አሳርፋ የመኪናውን ዘዋሪ ጎማ ተመረኮዘች። ጎማው ነቅነቅ አለ። መርገጫው አንድ እርምጃ ወረደ። ሽቦው ተወጠረ፣ በመስኮቱ ብርሃን ብልጭ አለ።

ጠጋኟ የሴትዮዋን እጅ በሁለት እጇ ለቀም አድርጋ ወደ ደረቷ ሳበችው፤ አጥብቃ ያዘችው፣ አልለቅ አለችው።

«አይዞሽ፣ አይዞሽ የኔ እናት» አለች ጋጋሪዋ እንባዋ እየወረደ። «ያዢኝ፤ እስኪወጣልሽ ያዢኝ።»

ጠጋኟ በትከሻዋ አሻግራ ሽቦውን አየችው። አልተበጠሰም። እውነትም ወጣላት፤ በጋጋሪዋ ትከሻ ላይ አለቀሰች። ለሽቦው ይሁን ለእናቷ ለራሷም አልለየላትም።

እናቷ የሞተችበት ቀን ከሰዓት ነበር። እግሯን ከመርገጫው አንስታ ሁለት እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ተነሳች። መስኮቱ ክፍት ነበር፣ ደስ የሚል ንፋስ ይገባ ነበር።

«ይሄኛውም እንደ ፊተኛው ይሙላ?» አለች ስኒውን እያየች።

«ይሙላ እንጂ» አለች ጠጋኟ። የጊታሩን አንገት እየሞረደች ስለነበር ቀና አላለችም።

«የት ነው የሚቀመጠው ብለሽኛል?»

«አንገቱ ጋ።»

«እንጃልሽ። አንገትጌ ጨርቅ ሲበዛበት ያንቃል።» አዛጋች። «ትንሽ ጋደም ልበል። እንዳትነኪብኝ፣ ተነስቼ እጨርሰዋለሁ።»

አልተነሳችም። ፊቷ ላይ ሕመም አልነበረም። አንድ እጇ ከአልጋው ወጣ ብሎ፣ አውራ ጣቷና ሌባ ጣቷ ተጋጥመው ነበር።

እንዳትነኪብኝ። ጠጋኟ ይህን ቃል ነበር የምትጠብቀው። ሌላ ኑዛዜ አልተተወላትም።

አክስቷ ሐዘኗን የምትወጣው በማጽዳት ነበር። ከሞተችው እህቷ ጋር በአንድ ቤት አድገዋል፣ በዚሁ መኪና ላይ ተምረዋል፤ ከቀብር በኋላ ግን አንድ ጊዜ እንኳ ቁጭ ብላ አላለቀሰችም። መስታወት ትወለውላለች፣ ብርጭቆ ታጥባለች፣ ያጠበችውን መልሳ ታጥባለች። በማግስቱ ጥቁር ጨርቅ ተሸክማ መጣች።

«ተነሺ እስቲ። የልጅቷን ቀሚስ ጠርዙን ልመታው ነው። አንድ ደቂቃ አይፈጅም።»

«በእጄ እሰፋዋለሁ» አለች ጠጋኟ።

«አንቺ? በእጅሽ?»

«አዎ። በእጄ ነው የምፈልገው።»

አክስቷ ጨርቁን ወረወረችላት። ከሰዓት በኋላ የተሰፋውን ጠርዝ አንስታ ወደ ብርሃን አቀረበችው። «ወይኔ እህቴን! ይሄ ስፌት ነው የአጥር ሽቦ? ደግ ነው እሷ ያላየችው!»

«አያቴማ ብታየው ተነስታ ትፈታዋለች» አለች ልጅቷ።

ልጅቷ ሁሉንም ታውቃለች። እናቷ ለምን ከዱካው እንደማትነሳ፣ አያቷ ምን እንደጀመረች። በየሰዓቱ ሻይ ይዛ ትመጣለች፤ ስታስቀምጥ ጎንበስ ብላ «ደህና ነው?» ትላለች። ጠጋኟ «ደህና ነው፤ በልተሻል?» ትላታለች። ስለ ሽቦውና ስለ ምሳው በአንድ ትንፋሽ ነው የሚጨነቁት። «እማ፣ እኔ ልተካሽ፣ አንቺ እረፊ» ብትላትም እሺ አላለችም። ልጅ ሐዘን ቤት ውስጥ ዘብ አይቆምም፤ ይበላል፣ ይተኛል።

ነገሩ የሆነው ጠጋኟ እንግዳ ልትሸኝ በወጣች ጊዜ ነው። እናቷን ያከማት ሐኪም ነበር የመጣው። ወግ ነውና እስከ ደጅ ተከተለችው። ሰውየው በሩ ላይ ቆሞ፣ ወገቡን ሳያውቀው ቀጥ እያደረገ፣ ስለ እናቷ ደግ ደግ ነገር ተናገረ። እሷ ግን ልቧ ከመኪናው ጋር ነበር። ስትመለስ መጀመሪያ ያየችው ሽቦውን ነው። አለ። ማጠንጠኛውን አየች። ጥቅሏ እንደ ነበረች ናት። ትንፋሿን ለቀቀች። ቀጥሎ ከትራሱ አጠገብ ያለውን ባዶ ቦታ አየች።

ስኒው የለም።

ሹፌሩ በዚያ ስኒ ሻይ እየጠጣ ነበር።

«ምነው?» አለ አስተያየቷን አይቶ። ስኒውን ወደ ውስጥ ተመለከተ። «ዝንብ ገብቶበታል?»

«ቁልፎቹስ? ውስጡ የነበሩት ቁልፎች የት ሄዱ?»

«ምን ይሆናሉ፣ ወደ ቆርቆሮው መለስኳቸው» አለች አክስቷ ከጓዳ ብቅ ብላ። «ለእንግዳ ስኒ አጥሮን ቁልፍ ይቀመጥበታል? በሳሙና ነው ያጠብኩት ደግሞ።»

ጠጋኟ ትልቁን የቁልፍ ቆርቆሮ አነሳች። ከፈተችው። የዘመናት ቁልፍ፣ ነጩም፣ ጥቁሩም፣ የዝሆን ጥርስ የሚመስለውም፣ ሁሉም ተደባልቀው ተኝተዋል። የትኞቹ በእናቷ እግር የተቆጠሩ፣ የትኞቹ እንዲሁ ቁልፍ እንደሆኑ የሚለይ የለም። ቆርቆሮውን ጭኗ ላይ አድርጋ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀች።

«ቁልፍ ነው እኮ!» አለች አክስቷ። ድምጿ ውስጥ ቁጣ ነበር፣ ከቁጣው ስር ደግሞ ሌላ ነገር። «እኔ ምን አደረግኩ? ሥራ ልረዳ ነው የመጣሁት! መኪናውን አትንኪ፣ መቀሱን አትንኪ፣ አሁን ደግሞ ስኒ! እሷ እናትሽ ብቻ ነበረች? የኔስ እህት አይደለችም?»

ለቀስተኞቹ አንገታቸውን ደፉ። ሹፌሩ ስኒውን የት እንደሚያደርገው ጠፍቶት በሁለት እጁ ያዘው።

ጠጋኟ እንባዋን ጠረገች። አክስቷን አየቻት። እጆቿ ከሳሙናው ብዛት ቆዳቸው ተላልጧል። ድንገት አፈረች፤ ሽቦ ስትጠብቅ ሰው ረስታለች።

«ነይ» አለቻት እጇን ይዛ። «ነይ አክስቴ፣ አንድ ነገር ላሳይሽ።»

መጋረጃውን ገልጣ አስገባቻት። ልጅቷም ተከትላ ገባች። የሥራ ክፍሉ የእንጨት ብናኝና የሙጫ ሽታ ነበረው። ጊታሩ ጠረጴዛው ላይ በብርድ ልብስ ቁራጭ ተሸፍኗል። ጠጋኟ ገለጠችው። ገላው ሻይ መስሎ ቀልቷል፣ አንገቱ በብረት መስመሮቹ ተሰድሯል፣ ክሮቹም ተወጥረዋል። እታች የመጀመሪያው ጥቅል በጉድጓዱ ገብቷል፤ አንገቱ ጋ ግን አንዲት ባዶ ጉድጓድ ትታያለች።

«ይሄ...» አለች አክስቷ፣ «ይሄ የመቁረጫው ጠረጴዛ አይደለም እንዴ?»

«ነው።»

«ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሆነው?»

ጠጋኟ ነገረቻት። ከመጀመሪያው ጀምራ፣ ሽቦውን፣ መርገጫውን፣ ስኒውን፣ «እንዳትነኪብኝ» የሚለውንም። «ይሄኛው ጉድጓድ ውስጥ ያለው ፒክአፕ ይባላል፣ የመጀመሪያውን እማዬ ጨርሳዋለች» ስትል አክስቷ አቋረጠቻት።

«ፒክአፕ? ዕቃ የሚጭነው መኪና?»

«ስሙ ነው እንጂ መኪና አይደለም» አለች ልጅቷ ሳቋን እየዋጠች።

አክስቷ አልሳቀችም። ወለሉን ታያለች። «እና ቁልፉ...»

«ምን ያህል እንዳጠነጠነች የሚናገር እሱ ብቻ ነበር።»

«ወይ እኔ! በሳሙና ነው ያጠብኩት!» አክስቷ የልጆች ወንበር ላይ እንደ ወደቀ ከረጢት ዘፍ አለች። «ቆጠራውን ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ እኔ ልርገጥ። አብረን ነው የተማርነው። እሷ ያቆመችበት ጋ ልቀጥል» አለች።

ለቀስተኞቹ ለራት ወደየቤታቸው ሲበተኑ ሦስቱ ሳሎን ውስጥ ቀሩ። አክስቷ ከመኪናው ፊት ተቀመጠች። ነጠላ ጫማዋን አውልቃ እግሯን መርገጫው ላይ አሳረፈች፣ ሽቦውን በጣቶቿ መሃል አስገባች። አልረገጠችም።

«የኔ እግር ከባድ ነው» አለች ቀስ ብላ። «ድሮም ክር የምበጥሰው እኔ ነበርኩ። እሷ ትቀጥልልኝ ነበር፣ ለእናታችን ሳትናገር።»

ጠጋኟ ከጎኗ ቆማ ያልሞላችውን ጥቅል አየቻት። መዳቡ ዙር በዙር ላይ ተኝቶ የማር ቀለም ይዟል። አንገትጌ ጨርቅ ሲበዛበት ያንቃል። ያን ቀን ቃሉ በአንድ ጆሮዋ ገብቶ በሌላው ወጥቶ ነበር፤ አሁን ተመልሶ መጣ። ወደ ልጇ ዞረች።

«አንገቱ ጋ ስትመቺው ክሩ እንዴት ነው የሚሆነው?»

«ይወዛወዛል» አለች ልጅቷ። «በሰፊው። እታች ግን ደረቅ ነው፣ እምብዛም አይንቀሳቀስም።»

«እንግዲያው እታች ያለው ነው ብዙ ዙር የሚፈልገው። በሰፊው የሚወዛወዘውን ለመስማት ብዙ አያስፈልግም። ሁለቱን እኩል ይሁኑ ያልኩት እኔ ነኝ፣ ሳላስብበት። ብዙ ቢሆን ኖሮ አንገቱ ጋ ድምፁ ይታፈን ነበር።» ፊቷ ላይ ፈገግታ ነበር። «እማዬ ጨርሳዋለች፣ አክስቴ። ልኩ ይሄ ነው።»

«ልታጽናኚኝ አይደለም?»

«ቴስተሩ ይናገራል። ለመለካት ግን መቆረጥ አለበት።»

ሽቦው በአምፖሉ ብርሃን ተዘርግቶ ይታያል። እስካልተቆረጠ ድረስ እናቷ ገና ጋደም እንዳለች ናት፤ ተነስታ ትጨርሰዋለች። አክስቷ እጇን ወደ ትልቁ መቀስ ሰደደች።

«እሱ ለጨርቅ ብቻ ነው» አሉ እናትና ልጅ በአንድ አፍ።

ሦስቱም ሳቁ። ጠጋኟ ከኪሷ ትንሿን የሽቦ መቁረጫ አውጥታ ለአክስቷ ሰጠቻት።

«እኔ?»

«አንቺ። እህቷ አይደለሽም?»

አክስቷ ተቀበለች። መቁረጫው አንዴ ቀረበ፣ አንዴ ራቀ። ትከሻዋ ጎበጠ። ልታለቅስ ነበር።

«ቀጥ በይ» አለች ጠጋኟ።

ድምፁ የራሷ አልመሰላትም። አክስቷ ከልጅነቷ ጀምራ የምታውቀው ትእዛዝ ነውና ወገቧ በራሱ ጊዜ ቀና አለ፣ አንገቷ ተስተካከለ፣ እጇ ረጋ። ቆረጠች። ድምፅ እንኳ አልነበረውም። ሽቦው ላላ ብሎ ወለሉ ላይ ተጋደመ። አክስቷ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና፣ ከቀብር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሥራ ሳትይዝ አለቀሰች።

ቴስተሩ የተናገረው ጥሩ ነበር። ጠጋኟ ጫፉን ፋቀች፣ በየደች፣ ጥቅሏን በሰም ነክራ አደረቀቻት፣ በጉድጓዷ ውስጥ በሁለት ብሎን አሰረቻት። ይህን ሁሉ ስትሠራ አክስቷ መብራት ያዘችላት፤ «ወደዚህ፣ አይ ወደዚያ» ስትባል ደስ እያላት።

በማግስቱ ጠዋት ለቀስተኛ ሳይመጣ ሦስቱ በሥራ ክፍሉ ተሰበሰቡ። ሐዘን ቤት ነውና ማጉያው ድምፅ አያወጣም፤ ጠጋኟ የጆሮ ማዳመጫ ሰካችበት። መጀመሪያ ለአክስቷ አደረገችላት። ልጅቷ ጊታሩን ጭኗ ላይ አድርጋ ወፍራሙን ክር በአውራ ጣቷ መታችው። ክፍሉ ውስጥ የተሰማው የዝንብ ክንፍ ያህል ነው። የአክስቷ ዓይን ግን ሰፋ።

«ይሄን ሁሉ የሚያወራው ያ ፀጉር የመሰለው ነው?» አለች ጮክ ብላ፣ ጆሮዋ ተደፍኖ።

«እሱ ነው።»

«ወፍራም ነው! ልክ እሷ ከጓዳ ስትጣራ!»

ማዳመጫውን አውልቃ ለጠጋኟ አደረገችላት። ጠጋኟ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፣ ዓይኗን ጨፈነች። ልጇ መታችው። ድምፁ ሞቆ፣ ክብ ሆኖ መጣ፣ አልታፈነም፤ ከሩቅ ጀምሮ ወደ ደረቷ ገባ። ልጇ ደግሞ መታች፣ ቀስ እያለች፣ አንዱን ክር ከሌላው እያስከተለች። ልጇ ከደጅ ዘግይታ እንደማታውቅ፣ ምድጃው ላይ የተረሳ ሻይ እንደሌለ፣ ጠጋኟ ሙሉ በሙሉ ረጋች።

እግሯ ግን ይንቀሳቀስ ነበር። አላወቀችውም። ወለሉ ላይ፣ መርገጫ በሌለበት፣ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ፣ እናቷ ስትረግጥ እንደነበረው ሳትቸኩል።

አክስቷ አየች። ዝም ብላ ወደ ሳሎኑ ሄደች፣ የታጠበውን ስኒና የቁልፉን ቆርቆሮ ይዛ ተመለሰች፣ ከጠጋኟ እግር አጠገብ ቁጢጥ አለች። ከንፈሯ ሳይሰማ ይንቀሳቀስ ጀመር። አስር ላይ ስትደርስ አንዲት ነጭ የሸሚዝ ቁልፍ መርጣ በስኒው ውስጥ ጣለች።

ቅጭል አለ።